አዳኝ ያስፈራው ቆፋሪ አይጥ መንገዱን ይረሳል? ሙከራውን ደረጃ በደረጃ ለመሥራት ዝርዝር መመሪያ

ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር አይጥ ለመብላት ይወጣል፣ ለመትረፍ ይገባል። ከበሩ ራቅ ባለ ቁጥር አንድ ነገር ማወቅ አለበት፦ አሁን ጭልፊት ቢመጣ የቅርቡ ቀዳዳ በየት በኩል ነው? ይህን ቶሎ መመለስ ያልቻለ አይጥ ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ በእነዚህ እንስሳት ዘንድ ፍርሃትና የቦታ ትውስታ አብረው ያደጉ ነገሮች ናቸው።

ታዲያ አዳኝ የሚፈጥረው ውጥረት ይህን ትውስታ ያበላሸዋል ወይስ ያጠነክረዋል? ለሁለቱም ማስረጃ አለ። ልዩነቱ የሚመጣው ውጥረቱ መቼ እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደቆየና ትውስታው በምን እንደተለካ ነው። ይህ መመሪያ ሙከራውን ከጥያቄው ጀምሮ እስከ ስሌቱ እንዴት እንደምታዘጋጁ ያሳያል። የተጻፈው ለመመረቂያ ጽሑፍ ለሚዘጋጁ ተማሪዎችና ለዘርፉ አዲስ ለሆኑ ሰዎች ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልናገር። በዚህ ርዕስ ላይ ትልቁ አደጋ ፈርቶ የቆመ እንስሳ "ረሳ" ተብሎ መመዝገቡ ነው። ከታች ካሉት እርምጃዎች አብዛኞቹ ይህ እንዳይሆን የታሰቡ ናቸው።

1. ጥያቄውን አጥብቡ

"ውጥረት ትውስታን እንዴት ይነካል?" የሚለው ጥያቄ ለሙከራ አይሆንም፣ በጣም ሰፊ ነው። ትውስታ ደረጃ አለው። መጀመሪያ እንስሳው ቦታውን ይማራል። ከዚያ የተማረው ነገር አንጎሉ ውስጥ ይረጋል፤ ይህ ሰዓታት ይወስዳል። በመጨረሻ ሲያስፈልገው ያስታውሰዋል። ውጥረቱን ከሦስቱ በአንዱ ላይ ብቻ አሳርፉ። ሁለቱን አንድ ላይ ከነካችሁ ውጤቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት አትችሉም።

ሰዓቱ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በ1998 ደ ኮርቫይን፣ ሮዘንዳልና ማክጎ ያሳተሙት ሥራ በግልጽ ያሳያል። የላብራቶሪ አይጦች በውሃ ገንዳ ውስጥ የተደበቀ መቆሚያ የት እንዳለ ተማሩ። በማግስቱ ከፈተናው በፊት እግራቸው ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት ደረሳቸው። ንዝረቱ ከፈተናው 30 ደቂቃ በፊት የደረሳቸው ቦታውን ማስታወስ ከበዳቸው። 2 ደቂቃ ወይም 4 ሰዓት ቀደም ብሎ የደረሳቸው ግን ደህና ነበሩ። 30 ደቂቃው የውጥረት ሆርሞን በደም ውስጥ ከፍ ከሚልበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ንዝረቱ አንድ ዓይነት ነው፣ ፈተናውም እንደዚያው። የተለየው ሰዓቱ ብቻ ነበር።

አዳኝን በተመለከተ ዴቪድ ዳይመንድና ባልደረቦቹ በ1999 አይጦችን ከድመት ጋር አቀራርበው ነበር። እንስሳቱ በቅርቡ የተማሩትን የመቆሚያ ቦታ ማስታወስ ተቸገሩ። በሌላ በኩል ቬል፣ ኢቫንስና ብራንኮ በ2017 ያሳዩት ነገር አለ። አንዲት አይጥ አዲስ ሜዳ ላይ መጠለያ ውስጥ ከ20 ሰከንድ ላነሰ ጊዜ አንድ ጊዜ ገብታ ከወጣች ቦታው ተይዟል። ከዚያ አስፈሪ ነገር ሲመጣ በቀጥታ ወደዚያ ትሮጣለች። መጠለያው ሌላ ቦታ ቢዛወር እንኳ የምትሮጠው ወደ ቀድሞው ቦታ ነው። ማለትም በድንጋጤዋ መሀል የሚመራት ዓይኗ ሳይሆን ትውስታዋ ነው።

እነዚህ ውጤቶች አይጣሉም። ድንገተኛ አደጋ ያለ ትውስታን ይጠራል። ከአደጋው በኋላ የሚቆይ ውጥረት ደግሞ አዲስ የተማሩትን ለማውጣት ያስቸግራል። የእናንተ ጥያቄ በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ "ቦታውን ከተማረ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ከፈተናው 30 ደቂቃ በፊት የአዳኝ ጠረን ያሸተተ ዴጉ ማምለጫውን ሲፈልግ ካላሸተተው የበለጠ ይሳሳታል።" እንስሳው አለ (ዴጉ ቆፋሪ አይጥ መሰል እንስሳ ነው)፣ ምልክቱ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ የሚለካው ነገር አለ። ከዚህ በላይ አታስረዝሙት።

የአንድ ቀን ፍርሃትና የሳምንታት ፍርሃትም ለየብቻ ጥያቄ ናቸው። አይጦችን በየቀኑ ለ6 ሰዓት፣ ለ21 ቀን ጠባብ ቦታ መያዝ የቦታ ትውስታ በሚመሠረትበት የአንጎል ክፍል፣ በሂፖካምፐስ፣ ሲኤ3 በሚባለው ቦታ ያሉትን የነርቭ ቅርንጫፎች እንደሚያሳጥር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ያ ግን የማሰር ውጥረት ነው። የአዳኝ ጠረን ለ21 ቀን ቢደጋገም እንስሳው ሊለምደው ስለሚችል ያንኑ ውጤት አትጠብቁ።

2. ፈቃዱን አስቀድሙ

የእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ አንድም እንስሳ አይነካም። ከዱር የምትይዙ ከሆነ የዱር እንስሳት ፈቃድም ለብቻው ያስፈልጋል። ራስልና በርች በ1959 ያስቀመጧቸው ሦስት መርሆዎች አሁንም የማመልከቻው አጥንት ናቸው፦ በሌላ ዘዴ መተካት ከተቻለ ተኩ፣ ቁጥሩን ቀንሱ፣ ሥቃዩን አለዝቡ። ለዚህ ሙከራ ሦስተኛው በጣም ይጠቅማል። ሕያው አዳኝ አያስፈልጋችሁም፤ ጠረን፣ ድምፅ ወይም ጥላ ይበቃል። ኮሚቴውም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

3. እንስሳውን ምረጡ

"ቆፋሪ" ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት ኑሮ የሚኖር ይመስላል። አይደለም። ዴጉ፣ ጀርቢልና ቮል የሚባሉት ትንንሽ አይጥ መሰል እንስሳት ከመሬት በታች ይተኛሉ፣ ከላይ ይበላሉ። ዓይነ ስውሩ የመካከለኛው ምሥራቅ ፍልፈል ግን ዕድሜውን በሙሉ ማለት ይቻላል ጨለማ ውስጥ ይጨርሳል። የደቡብ አሜሪካው ቱኮ ቱኮ መሀል ላይ ነው፤ ሣር ለመቁረጥ ከቀዳዳው ብቅ ብሎ ይመለሳል።

ይህ ልዩነት ሙከራችሁን በሙሉ ይወስናል። ኪምቺና ተርከል በዓይነ ስውሩ ፍልፈል ላይ ባደረጉት ሥራ እንስሳው አጭር መንገድ ሲሄድ የራሱን እንቅስቃሴ እየቆጠረ፣ ሲርቅ ደግሞ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ እንደ ኮምፓስ እየተጠቀመ አቅጣጫውን እንደሚይዝ አሳይተዋል። ለእሱ ግድግዳ ላይ ባለቀለም ሥዕል መለጠፍ ድካም ነው። ጭራሽ ከክፍሉ ሥር የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ገመድ ወይም የብረት ጠረጴዛ ሊያሳስተው ይችላል።

ለጀማሪ የምመክረው ዴጉን ወይም ቮልን ነው። ዴጉ ቀን ይነቃል፣ ያያል፣ ይማራል፣ ለሰውም ቶሎ ይለምዳል። ተግባቢ እንስሳ ስለሆነ ግን ብቻውን ማኖር ራሱ ውጥረት ነው፤ በጥንድ ወይም በቡድን አኑሩት።

ጾታን አትርሱ። ጎሊንና ፊትዝጄራልድ በ1986 ሁለት የቮል ዝርያዎችን አነጻጽረው ነበር። ወንዱ ብዙ ሴቶችን ፍለጋ ሰፊ ክልል በሚያካልልበት ዝርያ ወንዶቹ ሜዝ ላይ፣ ማለትም መንገድ የማግኘት ችሎታ በሚፈተንበት መሣሪያ ላይ፣ ከሴቶቹ በለጡ። ወንድና ሴት ጥንድ ሆነው በሚኖሩበት ዝርያ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ሁለቱንም ጾታ በእኩል ቁጥር መድቡ፣ ካልሆነም በአንዱ ብቻ እንደሠራችሁ በግልጽ ጻፉ።

ከዱር የተያዘ እንስሳ ከላብራቶሪ ውልድ የበለጠ ለአዳኝ ጠረን ትርጉም ይሰጣል። ግን ታሪኩን አታውቁትም። ምን አይቶ እንዳመለጠ፣ ምን በሽታ እንዳለበት አታውቁም። በነገራችን ላይ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ የያዘው አይጥ የድመትን ጠረን መሸሽ ይተዋል፤ በርዶይና ባልደረቦቹ በ2000 አሳይተውታል። ከዱር ያመጣችኋቸው ጥቂት እንስሳት ይህ ካለባቸው "ፍርሃት ትውስታን አይነካም" ብላችሁ ልትጽፉ ነው። ስለዚህ የደም ምርመራው ወጪ ብቻ ተደርጎ አይታይ።

4. የአዳኙን ምልክት አዘጋጁ

ሙከራው የሚሳካው ወይም የሚወድቀው እዚህ ነውና ትንሽ እንቆይበት።

የምልክቱ ዓይነት በአዳኙ አመጣጥ ይወሰን። ከላይ የሚመታ አዳኝ ጥላና ድምፅ ነው። ከመሬት የሚመጣ ደግሞ ጠረን ይተዋል። ለቆፋሪ እንስሳ ጠረን ልዩ ቦታ አለው። መሿለኪያ ውስጥ ብርሃን የለም፣ ጠረን ግን ይገባል፣ ይቆያልም። በመሿለኪያው አፍ ላይ ያለ ጠረን አዳኙ ደጅ ላይ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቲኤምቲ ነው። ይህ ከቀበሮ ሰገራ ተለይቶ የወጣ ኬሚካል ነው፤ ይገዛል፣ መጠኑም በትክክል ይለካል። ችግሩ በራሱ በጣም የሚያውክ ሽታ መሆኑ ነው። እንስሳው ከሱ ሲሸሽ ቀበሮን ፈርቶ ነው ወይስ አፍንጫውን ስላቃጠለው? መልሱ ብዙ አከራክሯል። ስለዚህ ቲኤምቲ ከተጠቀማችሁ ማነጻጸሪያው ንጹሕ ውሃ ብቻ አይሁን። ቡቲሪክ አሲድን የመሰለ መጥፎ ሽታ ያለው ግን ከአዳኝ ጋር የማይያያዝ ነገር ጨምሩ። ሁለቱ ያስከተሉት ባሕርይ ከተመሳሰለ ያያችሁት አዳኝን መፍራት ሳይሆን ሽታን መጥላት ነው።

የተፈጥሮ ጠረን ይሻላል ባይ ነኝ። በላብራቶሪ አይጦች ላይ የድመት ጸጉርና ቆዳ ጠረን ከሰገራዋ የበለጠ ጠንካራ የፍርሃት ምላሽ እንደሚያመጣ ታይቷል። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም፤ ሰገራ አዳኝ እዚህ ነበረ ሲል የጸጉር ጠረን አሁን ቅርብ ነው ይላል። አንድ ጨርቅ ድመት የምትተኛበት ቦታ ላይ ለጥቂት ቀናት ይቀመጥ። ከዚያ በንጹሕ ጓንት ተነስቶ እኩል ይቆራረጥ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በተዘጋ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይግባና ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ። ፕላስቲክ ከረጢት አይሁን፤ ጠረን ይመጥጣል፣ ጠረንም ያሳልፋል።

ማነጻጸሪያችሁ ቢያንስ ሁለት ይሁን። አንዱ ምንም ጠረን የሌለው ያው ዓይነት ጨርቅ። ሌላው አዳኝ ያልሆነ እንስሳ፣ ለምሳሌ የጥንቸል ወይም የበግ ጠረን ያለው። ሁለተኛው ከሌለ አንድ ተንኮለኛ ገምጋሚ "አዲስ ሽታ ስለሆነ ነው እንጂ አዳኝ ስለሆነ አይደለም" ቢላችሁ መልስ የላችሁም።

ለእያንዳንዱ እንስሳ አዲስ ቁራጭ ተጠቀሙ። የማቅረቢያው ጊዜ ለሁሉም እኩል፣ ለምሳሌ 10 ደቂቃ ይሁን። ጠረኑ የሚሰጥበት ክፍል ከሜዙ ክፍል የተለየ መሆን አለበት፤ ይህን የምላችሁ በጥብቅ ነው። የድመት ጠረን አንዴ ሜዙ ክፍል ከገባ ማነጻጸሪያው ቡድንም አዳኝ ካለበት ክፍል ገባ ማለት ነው። አየር መሳቢያ ያለው ክፍል ፈልጉ። በየቀኑ መጀመሪያ ማነጻጸሪያዎቹን ሥሩ፣ ጠረኑን ወደ መጨረሻ አድርጉ የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። ያኔ ግን ቡድንና ሰዓት ይደበላለቃሉ። ሁለት የተለያዩ ሳጥኖች ኖረው የቡድኖቹ ተራ በዕጣ ቢወጣ ይመረጣል።

ዋናውን ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት በጥቂት ሌሎች እንስሳት ጠረኑ እንደሚያስፈራ አረጋግጡ። ከጨርቁ ይርቃል? ደርቆ ይቆማል? ሰውነቱን ለጥጦ አንገቱን ብቻ እያስቀደመ ያነፈንፋል? ምግብ ይተዋል? ከእነዚህ አንዱም ካልታየ ጠረናችሁ ወይ አርጅቷል ወይ ለዚያ ዝርያ ምንም ማለት አይደለም።

5. ሜዙን ለእንስሳው ልክ ሥሩ

ሪቻርድ ሞሪስ በ1981 ያስተዋወቀው የውሃ ሜዝ በዓለም የታወቀ ነው። ለቆፋሪ እንስሳ ግን አልመክረውም። ውሃው ራሱ ውጥረት ነው። ማነጻጸሪያው ቡድን እየሰመጥኩ ነው እያለ እናንተ "ያልተጨነቀ" ብላችሁ ትጽፉታላችሁ።

ካሮል ባርነስ በ1979 ያቀረበችው ክብ ጠረጴዛ በተቃራኒው ለቆፋሪ የተሠራ ይመስላል። ጠረጴዛው ዳር ዳሩን ቀዳዳ አለው። አንዱ ቀዳዳ ብቻ ከሥሩ ጨለማ ሳጥን አለው። እንስሳው ከላይ ደማቅ ብርሃን ሲበራበት ገላጣ ቦታ ስለሚጠላ ያንን ሳጥን ይፈልጋል። የመጀመሪያው የባርነስ ጠረጴዛ 122 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 18 ቀዳዳዎች ነበሩት። ዛሬ ለትንንሽ አይጦች 92 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነና 20 ቀዳዳ ያለው የተለመደ ነው። የቀዳዳው ስፋት እንስሳው ሳይጨነቅ የሚገባበት ይሁን፤ ለትንሽ አይጥ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ለዴጉ ግን ሰፋ ማለት አለበት።

ግድግዳዎቹ ላይ ትልልቅ፣ የተለያየ ቅርፅ ያላቸው ምልክቶች ስቀሉ። እናንተም ምልክት ናችሁ። አንድ ቀን በስተግራ፣ ሌላ ቀን በስተቀኝ ከቆማችሁ እንስሳው የሚማረው እናንተን ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ሁኑ፣ ካሜራው ከላይ ይቅረጽ። ጠረጴዛውን በየዙሩ መሀል በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ፣ አልፎ አልፎም አዙሩት። የማምለጫው አቅጣጫ ግን ከክፍሉ አንጻር ባለበት ይቆይ። እንዲህ ካልሆነ እንስሳው የራሱን የጠረን ዱካ ተከትሎ ይሄድና የቦታ ትውስታው አልተፈተነም ማለት ነው።

ከነጭራሹ ከመሬት በታች ለሚኖሩ ዝርያዎች ገላጣ ጠረጴዛ አይሆንም። ለእነሱ ቱቦዎችን እየገጣጠማችሁ የመሿለኪያ ሜዝ ሥሩ፣ መድረሻው ላይ ምግብና ጎጆ ይቀመጥ። የሚቆጠረው በየመገንጠያው የተሳሳተ መታጠፍ ነው። ቱቦው ለእያንዳንዱ እንስሳ መታጠብ አለበት፤ አድካሚ ነው፣ አማራጭ ግን የለም።

6. አያያዝና ሰዓት

እንስሳውን በጭራው አንጠልጥላችሁ አታንሱ። ኸርስትና ዌስት በ2010 እንዳሳዩት በጭራቸው የሚነሱ አይጦች ይበልጥ ይጨነቃሉ፤ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ ማንሳት ወይም በእጅ መዳፍ ማቀፍ ይሻላል። ቆፋሪ እንስሳ ቱቦ ሲያይ ደግሞ ራሱ ይገባል። ጎጆው ውስጥ ቱቦ ትታችሁ በዚያው አመላልሱት።

ከዚህ ሌላ በ2014 የታተመ አንድ ሥራ ወንድ ተመራማሪዎች አጠገብ መኖር ብቻ፣ ወይም የለበሱት ቲሸርት፣ በአይጦች ላይ የውጥረት ምላሽ እንደሚያስነሳ አሳይቷል። ወንዶች አይሥሩ ማለቴ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ያው ሰው ይያዛቸው፣ ማን እንደያዛቸውም ይመዝገብ።

ቢያንስ አንድ ሳምንት አለማምዱ። ሙከራውንም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሥሩ። የውጥረት ሆርሞን በቀንና በሌሊት ይለዋወጣል፤ እንስሳው መንቃት በሚጀምርበት ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል። ዴጉን ጠዋት፣ የሌሊት ዝርያን ማታ መፈተን ዝርያውን ማክበር ነው። ግማሹን ጠዋት ግማሹን ማታ መፈተን ግን ውጤቱን ማተራመስ ነው።

7. የቀናቱ አካሄድ

ለባርነስ ሜዝ በጣም የተለመደው መርሃ ግብር ይህን ይመስላል። ከመማሪያው በፊት እንስሳው ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ይይና ቀስ ተብሎ ወደ ማምለጫው ይመራ። ከዚያ ለ4 ቀናት፣ በቀን 4 ዙር። አንድ ዙር ቢበዛ 3 ደቂቃ፣ በዙሮች መሀል 15 ደቂቃ እረፍት። በ3 ደቂቃ ያላገኘውን በእርጋታ ወደ ቀዳዳው ምሩት፣ እዚያም አንድ ደቂቃ ይቆይ። በ5ኛው ቀን ማምለጫው ተዘግቶ የ90 ሰከንድ ፈተና ይደረጋል። የተማረ እንስሳ ሳጥኑ በሌለበትም የድሮውን ቀዳዳ ደጋግሞ ይጎበኛል።

ውጥረቱን የት እንደምታስገቡ ጥያቄያችሁ ነግሯችኋል። መማርን ከሆነ በየቀኑ ከመጀመሪያው ዙር በፊት። መርጋትን ከሆነ ወዲያው ከመጨረሻው ዙር በኋላ። ማስታወስን ከሆነ በ5ኛው ቀን ከፈተናው 30 ደቂቃ በፊት። በተለይ የመርጋቱ ንድፍ ንጹሕ ነው፤ ፈተናው ሲመጣ ፍርሃቱ ካለፈ ብዙ ሰዓት ስለሆነ የእንስሳው እግር ላይ የሚታይ ድንጋጤ የለም። አንድ ንድፍ ብቻ የመሥራት አቅም ካላችሁ ይህንን ምረጡ።

ጊዜ ካገኛችሁ በ12ኛው ቀን ፈተናውን ድገሙት። ከአንድ ሳምንት በኋላ የሚቀረውና የማይቀረው ያኔ ይለያል።

8. ምን ትቆጥራላችሁ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። አንድ ዴጉ ጠረጴዛው መሀል ተለቀቀ እንበል። አይንቀሳቀስም። ጆሮው ቆሟል፣ ጢሙ ብቻ ይርገበገባል። 40 ሰከንድ አለፈ። ከዚያ አንዴ ዞር ብሎ ቀጥ ብሎ ወደ ትክክለኛው ቀዳዳ ሮጠና ገባ። የወሰደበት ጊዜ 46 ሰከንድ፣ የተሳሳተበት ቀዳዳ ዜሮ። ሌላው ዴጉ ወዲያው ተነስቶ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እየነካካ በ30 ሰከንድ አገኘ። ሰዓት ብቻ ከቆጠራችሁ ሁለተኛው ይበልጣል። ቦታውን የሚያውቀው ግን የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ የወሰደውን ጊዜ ብቻውን አትመኑ። እነዚህን አብራችሁ ቁጠሩ፦ ከትክክለኛው በፊት አፍንጫውን ያስገባባቸው የተሳሳቱ ቀዳዳዎች፣ የተጓዘው ርቀት፣ ደርቆ የቆመበት ጊዜ፣ ከቆመበት በተነሳ ጊዜ መጀመሪያ የያዘው አቅጣጫ ከትክክለኛው ስንት ዲግሪ እንደራቀ። የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ፍርሃት ጉዞውን ሊያዘገየው ይችላል፣ ቦታውን የሚያውቅ እንስሳ አቅጣጫ ግን ያው ወደ ቀዳዳው ነው።

የፍለጋ ስልቱንም መድቡ። ቀጥታ የሄደ፣ ዳር ዳሩን በተራ የፈተሸ፣ ወዲያና ወዲህ የባዘነ። ውጥረት ያለበት እንስሳ ብዙ ጊዜ በአእምሮው የያዘውን የቦታ ካርታ ትቶ በልማድ ወደሚመራ ስልት ያዘነብላል። ሂፖካምፐስ ወደ ኋላ ሲል ሌላው የአንጎል ክፍል፣ ስትራያተም፣ መሪውን ይይዛል። ያኔ እንስሳው ማምለጫውን ሊያገኝ ይችላል፣ የሚያገኝበት መንገድ ግን ተቀይሯል። ይህ ራሱ ውጤት ነው።

አንዳንዱ እንስሳ ደግሞ ጭራሽ አይፈልግም። ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ይላሳል፣ ዙሪያውን ያያል። ዴጉ ላይ ይህ ሊገጥማችሁ ይችላል። እንዲህ ያለው "አልፈለገም" ተብሎ ለብቻው ይመዝገብ። መቼ ከስሌት እንደሚወጣ ደግሞ ሙከራው ሳይጀመር ይወሰን፤ ውጤቱን ካያችሁ በኋላ መወሰን ማጭበርበር ነው።

ቪዲዮውን የሚቆጥረው ሰው የትኛው እንስሳ ከየትኛው ቡድን እንደሆነ ማወቅ የለበትም። ፋይሎቹን በኮድ ሰይሙ፣ የኮዱን ቁልፍ ሌላ ሰው ይያዝ።

9. ሆርሞኑን በትክክል ለኩ

መጀመሪያ የትኛው ሆርሞን እንደሆነ እወቁ። በላብራቶሪ አይጦች ዋናው ኮርቲኮስቴሮን ነው። በዴጉ ግን ኮርቲሶል ነው። በቱኮ ቱኮ ሁለቱም አሉ። ለሰው ወይም ለአይጥ የተዘጋጀ የሆርሞን መለኪያ ኪት ገዝቶ ለሁሉም መጠቀም ባዶ ቁጥር ማምረት ነው።

ደም ከወሰዳችሁ እንስሳውን ከነካችሁበት ቅጽበት ጀምሮ በ3 ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ የምትለኩት የእናንተን እጅ ያመጣውን ውጥረት ነው። ሰገራ መሰብሰብ ይለዝባል፣ እንስሳውም አይያዝም። ይሁን እንጂ ሰገራ ውስጥ የሚታየው ከሰዓታት በፊት የነበረው ሁኔታ ነው፣ የሰዓቱ መጠንም በየዝርያው ይለያያል። ለዝርያችሁ የተረጋገጠ መረጃ ከሌለ በትንሽ ቅድመ ሙከራ አረጋግጡት።

ደም መውሰድና ሜዝ በአንድ እንስሳ ላይ በአንድ ቀን አይደራረቡ። ለሆርሞኑ ሌላ ቡድን መድቡ፣ ወይም ፈተናው ካለቀ በኋላ ብቻ ውሰዱ።

10. ስሌቱና ንባቡ

በእንዲህ ያሉ ሥራዎች በአንድ ቡድን ከ8 እስከ 15 እንስሳት የተለመደ ነው። የእናንተን ቁጥር ግን ከቅድመ ሙከራው የልዩነት ስፋት ተነስታችሁ አስሉት። ምደባው በዕጣ ይሁን። ከአንድ እናት የተወለዱትን ወይም በአንድ ጎጆ የሚኖሩትን በሙሉ በአንድ ቡድን አትክተቱ።

አንድ እንስሳ 16 ዙር ሠራ ማለት 16 እንስሳት አሉ ማለት አይደለም። ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። እያንዳንዱን እንስሳ ለይቶ የሚይዝ ቅይጥ ሞዴል የሚባለውን የስታቲስቲክስ ስሌት ተጠቀሙ፤ ቡድን፣ ቀንና ጾታ ይግቡበት፣ ጎጆውም እንደዚሁ። ደርቆ የቆመበትን ጊዜም በሞዴሉ ውስጥ አስገብታችሁ የስህተት ቁጥሩ ልዩነት ይቀር እንደሆነ እዩ። ሪፖርቱን ስትጽፉ በ2020 የተሻሻለውን፣ የእንስሳት ሙከራ ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳየውን የአራይቭ (ARRIVE) መመሪያ ዝርዝር አጠገባችሁ አድርጉ፤ ምን መጻፍ እንደሚያስፈልግ ከገምጋሚው በፊት ይነግራችኋል።

ውጤቱን ስታነቡ እንዲህ ተመልከቱት። ጊዜው ረዝሞ ስህተቱ ካልጨመረ እንስሳው ፈርቷል፣ ቦታውን ግን ያውቃል። ስህተቱም ጨምሮ የመነሻ አቅጣጫውም ከተበላሸ ትውስታው ተነክቷል ማለት ትችላላችሁ። ስህተቱ ሳይጨምር ስልቱ ብቻ ከካርታ ወደ ልማድ ከዞረ ስለ መቀየር ጻፉ እንጂ ስለ መጎዳት አትጻፉ። አዳኝ ያሸተቱት ከማነጻጸሪያው የተሻሉ ከሆነም አትደንግጡ። መጠነኛ ፍርሃት፣ በተለይ ከመማር በኋላ ወዲያው ሲመጣ፣ ትውስታን ሊያጠነክር ይችላል። ማምለጫ ቀዳዳን ማስታወስ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ለሆነበት እንስሳ ይህ ከሌላው ይልቅ የሚጠበቅ ነው።

በማነጻጸሪያ ቡድኖቹ መሀል፣ ማለትም ጠረን በሌለውና አዳኝ ባልሆነው እንስሳ ጠረን መሀል ልዩነት ካያችሁ ግን ቆም በሉ። ከዚያ በፊት ስለ አዳኝ ምንም አትደምድሙ። ወደ 4ኛው እርምጃ ተመለሱና ጨርቁን፣ ክፍሉን፣ የአየር መሳቢያውን እንደገና ፈትሹ።